«የወሰደውስ የት ሄደ?»

ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ አንድ ጥያቄ አለ። የጠየቁት ሰው ፕሮግራመር አይደሉም። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ ኮምፒውተር ፊት ብዙም የማይቀመጡ ስቶር ኪፐር ናቸው።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ የሚያውሳቸው ዕቃዎች አሉ፤ ላፕቶፕ፣ ካሜራ፣ ፕሮጀክተር፣ መሰርሰሪያ፣ የኤክስቴንሽን ገመድ። ማን ምን እንደወሰደ የሚመዘገበው በወፍራም ደብተር ነው። ይህን ወደ ዌብ አፕሊኬሽን ቀይሩልን ተባልን፣ እኔና አንድ ባልደረባዬ። እንደ ደንቡ መጀመሪያ የተጨቃጨቅነው በፍሬምወርክ (አፕሊኬሽኑ በሚገነባበት ዝግጁ የኮድ መሠረት) ነው። እሱ ላራቬል ይላል፣ እኔ ጃንጎ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ገጾቹን በምን እንሥራቸው፣ ሰርቨሩ የት ይቀመጥ፣ ዶከር (አፕሊኬሽንን ከነሚያስፈልገው ሁሉ ጠቅልሎ የሚያስኬድ መሣሪያ) ያስፈልጋል አያስፈልግም። ስለ ዕቃዎቹ ግን አንድም ቃል አልተነፈስንም። ምን የሚወራ አለ ብለን ነው መሰለኝ።

ጃንጎ አሸነፈ። የተሻለ ስለሆነ አይደለም፤ አብዛኛውን ኮድ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ ነው።

ከዚያ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ወረድን። ባልደረባዬ ቀድሞ ወረቀት ላይ ሥዕል ሠርቷል። «ዕቃ» የምትባል አንዲት ቴብል (ሠንጠረዥ) ናት። ኮለሞቿ (ዓምዶቿ) የዕቃው ስም፣ መለያ ቁጥሩ፣ ሁኔታው፣ አሁን ማን ጋ እንዳለ። ሰው ሲወስድ ሁኔታው «ወጥቷል» ይሆንና የሰውየው ስም ይገባል። ሲመልስ «አለ» ይሆንና ስሙ ይጠፋል። ኢንተርኔት ላይ ካሉ መማሪያዎች ብዙዎቹ የሚያሳዩት ይህንኑ ነው።

ስቶር ኪፐሩ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ወረቀቱን ትኩር ብለው አዩት።

«ልጁ ዕቃውን ሲመልስ ስሙን ታጠፉታላችሁ ማለት ነው?»

«አዎ ጋሼ፣ ዕቃው ነፃ ስለሚሆን።»

«እሺ። የወሰደውስ የት ሄደ?»

ባልደረባዬ ግር አለው። «መለሰ እኮ ጋሼ። አለቀ።»

«መመለሱንማ መለሰ። እኔ የምልህ፣ ካሜራው ከሳምንት በኋላ ሌንሱ ተሰንጥቆ ቢገኝ፣ ከዚያ በፊት ማን ይዞት ነበር ብዬ የምጠይቀው ማንን ነው? አንተን?»

ከዚያ ደብተሩን ገለጡልን። እያንዳንዱ ወሰት፣ ማለትም አንድ ዕቃ ለአንድ ሰው የተዋሰበት፣ አንድ መስመር ነው። ስም፣ ዕቃ፣ የወጣበት ቀን፣ ፊርማ፣ የተመለሰበት ቀን፣ ፊርማ። ተሳስተው የጻፉትን እንኳ አይፍቁትም። ሥሩ እንዲነበብ አድርገው አንድ መስመር ብቻ ያሰምሩበታል፣ ትክክለኛውን ከላይ ይጽፋሉ፣ አጠገቡ አጭር ፊርማቸውን ያኖራሉ። «እዚህ ደብተር ላይ ፍሉድ አይነካም» አሉን፣ ኩራት ባለው ድምፅ።

እኔ ዝም ብዬ ነበር የማየው። ልክ ናቸው።

ስለ ዝግጅቱ ብዙ አልልም

ፕሮጀክት ማቋቋም ራሱ ዛሬ ከባድ አይደለም። ፎልደር ትከፍታላችሁ፣ ጊትን (የኮዱን ለውጥ ታሪክ የሚይዘውን) ታስጀምራላችሁ፣ ጃንጎ ለሚጻፍበት ለፓይተን ቋንቋ የራሱን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ለዚህ ፕሮጀክት ብቻ የተለየ ቦታ) ትፈጥራላችሁ፣ ጃንጎን ትጭናላችሁ፣ አንድ ትእዛዝ ትሰጣላችሁ፣ ገጽ ይከፈታል። ያ ሁሉ የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነው። የሚያስቸግረው ዳታቤዙን ማገናኘት ላይ ነው፣ እሱም ቢሆን ምክንያቱን ላወቀው ሰው አያስቸግርም።

ጃንጎ ምንም ካልነገራችሁት ኤስኪውላይት የተባለውን ትንሽ ዳታቤዝ ይዞ ይነሳል። ኤስኪውላይትን አልንቅም። በየስልካችን ውስጥ አለ፣ በደንብም ይሠራል። ግን ለስላሳ ነው። ቁጥር ይገባበታል ብላችሁ ባወጃችሁት ኮለም ጽሑፍ ብታስገቡ፣ በተለይ ጥብቅ ሁን ካላላችሁት በስተቀር፣ እሺ ብሎ ይቀበላል። ሌላው ዳታቤዝ፣ ፖስትግሬስ፣ ግን ወዲያው ይጮሃል። ስለዚህ ላፕቶፓችሁ ላይ ኤስኪውላይት፣ ሰርቨሩ ላይ ፖስትግሬስ ከሆነ፣ ወራት ሙሉ ስትለማመዱ የኖራችሁት ከሌላ ጠባይ ጋር ነው ማለት ነው። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ዳታቤዝ፣ ቢቻል አንድ ዓይነት ቨርዥን ይሁን ባይ ነኝ።

ፖስትግሬስን አዲስ የሚጭን ሰው ሁለት ቦታ ላይ ይጣበቃል። አንደኛው ሊኑክስ ላይ ነው። በዚያው ማሽን ውስጥ በሶኬት (በኔትወርክ ሳይሆን በማሽኑ ውስጥ ባለ ቀጥታ መስመር) ስትገናኙ ብዙ ጊዜ ፓስዎርድ አይጠይቃችሁም፤ የኮምፒውተሩን የተጠቃሚ ስም ከዳታቤዙ ተጠቃሚ ስም ጋር ያስተያያል። ካልገጠመ «ፒር ኦተንቲኬሽን» ከሸፈ ብሎ ይመልሳችኋል። አንዳንዱ ሰው ተናዶ ማንም ያለ ፓስዎርድ ይግባ የሚል ሴቲንግ ይጽፋል። አታድርጉት። አድራሻውን ሎካልሆስት (ይኸው ማሽን ራሱ) ብላችሁ በፓስዎርድ መገናኘት ይበቃል።

ሁለተኛው ይበልጥ ያናድዳል። ፖስትግሬስ ከቨርዥን 15 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ተራ ተጠቃሚ «ፐብሊክ» በተባለው ስኪማ (ቴብሎች የሚቀመጡበት ክፍል) ውስጥ ቴብል እንዲፈጥር አይፈቅድም። የቆዩት መማሪያዎች ግን ዳታቤዝ ፍጠር፣ ተጠቃሚ ፍጠር፣ ሙሉ ፈቃድ ስጠው ብለው ያበቃሉ። እንደተባላችሁት ታደርጋላችሁ። ከዚያ የመጀመሪያው ማይግሬሽን (ቴብሎቹን የሚፈጥረውና የሚቀይረው ፋይል) ፈቃድ የለህም ይላችኋል። «ሙሉ ፈቃድ» የተሰጠው ዳታቤዙ ላይ ነው፣ በውስጡ ባለው ስኪማ ላይ አይደለም። አጭሩ መፍትሔ የአፕሊኬሽኑን ተጠቃሚ የዳታቤዙ ባለቤት ማድረግ ነው።

ፓስዎርዱ ደግሞ ኮድ ውስጥ አይጻፍ። በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጭ በሚሰጥ ዋጋ) ይግባ፣ የሚቀመጥበትን ፋይል ጊት እንዳያየው ከመጀመሪያው ኮሚት (ጊት ውስጥ ከሚመዘገብ ለውጥ) በፊት ንገሩት። አንድ ጊዜ ኮሚት ከሆነ በኋላ ፋይሉን ብታጠፉትም ታሪኩ ውስጥ ይኖራል። ያኔ ያለው መድኃኒት ፓስዎርዱን መቀየር ብቻ ነው።

ይኸው ነው። አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ።

ያልተጻፈ ትናንት

የባልደረባዬ ሥዕል ውሸት አልነበረም። «ካሜራው አሁን ማን ጋ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ትክክለኛውን ይነግራችኋል። ችግሩ የሚያውቀው አሁንን ብቻ መሆኑ ነው። በኤስኪውኤል፣ በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው፣ አነጋገር ሥራው ሁሉ አፕዴት ነው። አፕዴት ደግሞ አዲሱን ሲጽፍ የነበረውን ይደመስሳል። የጋሼ ደብተር ግን ኢንሰርት ነው የሚያውቀው። አዲስ ወሰት፣ አዲስ መስመር። መመለሱ እንኳ የተጻፈ ነገር አያጠፋም፤ ባዶ የነበረ ቦታ ይሞላል እንጂ።

ስንመለስ ባልደረባዬ መንገድ ላይ እንዲህ አለኝ፦ «በቀላሉ እንጀምር፣ ታሪኩን በኋላ እንጨምረዋለን።» እኔም ቀላል ነገር እወዳለሁ። ብዙ ጊዜም ይህ ምክር ይሠራል። ገጹ አስቀያሚ ከሆነ እንደገና ይጻፋል። ጥያቄው ከዘገየ ኢንዴክስ (መፈለጊያ ማውጫ) ይጨመርበታል። ኮለም ከጎደለ ማይግሬሽን አለ። ፍሬምወርኩ ራሱ ካልተስማማ፣ እያመመም ቢሆን ይቀየራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ቢባልም፣ ኮድ ሲሆን ቆም ብሎ እንደገና መታጠቅ ይቻላል።

ያልተጻፈ ነገር ግን አይጨመርም። ከስድስት ወር በኋላ ኃላፊው መጥቶ «ይህ ፕሮጀክተር ስንት ሰው እጅ ነበር?» ቢል፣ የታሪክ ቴብል መፍጠር እንችላለን። ቴብሉ ግን ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው፣ ባዶውን። ስድስቱን ወር ከየት እናመጣቸዋለን? እንዲህ ያለ ማይግሬሽን የሚጽፍ ሰው እስካሁን አላየሁም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እኛ ልንሠራ የተዘጋጀነው በጽሑፍም ሆኖ የሚረሳ መዝገብ ነበር። ከደብተሩ ያነሰ ነገር ሠርተን፣ ዘመናዊ አደረግናችሁ ልንል።

ይህ ነው የቆየብኝ። አዲስ ፕሮጀክት ሲጀመር የትኛው ውሳኔ ከባድ ነው ብባል ድሮ ፍሬምወርኩን እጠቅስ ነበር። አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ይህ ሲስተም በየቀኑ ሲሠራ ምን ምን ነገር እየጣለ ነው የሚሄደው? የሚጣለው ነገር ነገ ቢፈለግ ከሌላ ቦታ ይገኛል ወይ?

ሥዕሉን እንደገና ሠራነው። ሦስት ቴብል ሆነ። ዕቃ፣ ሠራተኛ፣ ወሰት። የወሰት አንድ ረድፍ ማለት የደብተሩ አንድ መስመር ማለት ነው፤ የትኛው ዕቃ፣ የትኛው ሠራተኛ፣ መቼ ወጣ፣ እስከ መቼ፣ መቼ ተመለሰ፣ ማን አስረከበ፣ ማን ተረከበ። «ሁኔታ» የሚለውን ኮለም አወጣነው። ምክንያቱም አያስፈልግም። የተመለሰበት ጊዜ ባዶ የሆነ ወሰት ካለ ዕቃው ወጥቷል፣ ከሌለ አለ። አንዱን እውነት ሁለት ቦታ ከጻፋችሁት አንድ ቀን ሁለቱ ቦታዎች ይጣላሉ። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ኤድጋር ኮድ (ስሙ ነው፣ ቀልድ አይደለም) እ.ኤ.አ. በ1970 አይቢኤም እየሠራ የሪሌሽናል ዳታቤዝን ሐሳብ ባወጣበት ጽሑፍ፣ ስለ ድግግሞሽና ስለ ዳታ እርስ በርስ መጣጣም ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። ሃምሳ ምናምን ዓመት ሙሉ እየተነገረን ነው።

ባልደረባዬ ሐሳቡ ሲገባው ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሮጠ። «እንግዲያው ሁሉንም ነገር እንደ ክስተት እንመዝግብ፣ አፕዴት የሚባል ነገር ጭራሽ አይኑር» አለ። ኢቨንት ሶርሲንግ ይሉታል። የሚያስፈልገው ቦታ አለ። ለዕቃ ማዋሻ ግን ከመጠን በላይ ነው። የሠራተኛው ስልክ ቁጥር ሲቀየር የድሮውን ማን ይፈልገዋል? እንዲያውም የማይፈለግ የሰው መረጃ ማከማቸት ራሱ ሸክም ነው፤ አንድ ቀን ሾልኮ ቢወጣ ተጠያቂው ያከማቸው ሰው ነው። መለያችን በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ ሰው ሊጣላበት የሚችል ነገር በረድፍ በረድፍ ይመዘገባል፣ የቀረው አፕዴት ይደረጋል። ማን ወሰደ፣ መቼ መለሰ፣ ምን ሆኖ ተመለሰ፣ እነዚህ ያጣላሉ። የስልክ ቁጥር አያጣላም። ምን እንደሚያጣላ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ጋሼ ያውቃሉ። ሄደን ጠየቅናቸው። እኛ ያላሰብነውን ሁለት ነገር ነገሩን። አንደኛው፣ ዕቃ የወሰደውና የሚመልሰው ሰው አንዳንዴ የተለያየ ነው። ሁለተኛው፣ ገመድና ባትሪ ዓይነቱ በቁጥር ይወጣና በግማሽ ይመለሳል። ስለዚህ መለያ ቁጥር ያለው ዕቃና እየተቆጠረ የሚሰጠው ዕቃ አንድ ቴብል ውስጥ ታሽገው አይኖሩም። ይህን ከኋላ ቢደርሱበት ስንት ነገር ይፈርስ ነበር።

ማጥፋትስ? በጃንጎ ፎሪን ኪ (አንዱን ቴብል ከሌላው ጋር የሚያያይዝ ኮለም) ስትጽፉ፣ ዋናው ረድፍ ቢጠፋ ተያያዡ ምን ይሁን ብሎ ይጠይቃችኋል። ከቨርዥን 2.0 በፊት ካልነገራችሁት ራሱ «ካስኬድ» ይል ነበር፤ አብሮ ይጥፋ ማለት ነው። ከ2.0 ወዲህ የግድ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ግን መማሪያዎቹ በብዛት ካስኬድ ብለው ስለሚጽፉ፣ እጅም ስለሚለምድ፣ ሁሉም ሰው ካስኬድ ብሎ ያልፋል። አሁን አንድ ሠራተኛ ሥራ ለቀቀ እንበል። አንዱ ለጽዳት ብሎ አድሚን ገጹ ላይ ስሙን ሰረዘው። የዚያ ሰው የወሰት ታሪክ በሙሉ አብሮት ይሄዳል፣ ያልመለሰው ላፕቶፕ ጭምር። እኛ «ፕሮቴክት» የሚለውን መረጥን፤ ወሰት ያለው ሰው አይሰረዝም። ሥራ ለቀቀ ማለት ሥራ የለቀቀበት ቀን ተሞላ ማለት ነው። በስህተት የተመዘገበ ወሰትም አይጠፋም። የተሰረዘበት ጊዜ፣ የሰረዘው ሰውና ምክንያቱ ይጻፍበታል። የጋሼ መስመርና አጭር ፊርማ እንዳለ ገባ።

ሁለት ሰው አንድ ካሜራ ላይ

ደብተሩ እኛ ልብ ያላልነው ሌላ ጥቅምም ነበረው። አንድ ደብተር ነው፣ አንድ እስክሪብቶ ነው። ጋሼ የአንዱን ሰው ጽፈው ሳይጨርሱ የሌላውን አይጀምሩም። ስለዚህ አንድ ካሜራ በአንድ ጊዜ ለሁለት ሰው የሚወጣበት መንገድ የለም። ዌብ ላይ ስታወጡት እስክሪብቶው ይበዛል። ሁለት ሠራተኞች በሁለት ኮምፒውተር፣ በዚያው ሰከንድ፣ ያንኑ ካሜራ ይጫኑታል።

ብዙዎቻችን የምንጽፈው ኮድ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ዕቃው አለ ወይ ብሎ ያያል፣ ካለ ወሰቱን ይጽፋል። በማየትና በመጻፍ መካከል ትንሽ ክፍተት አለች። አንደኛው ጥያቄ አየ፣ አለ ተባለ። ሁለተኛውም አየ፣ አለ ተባለ። ሁለቱም ጻፉ። ትራንዛክሽን (ሁሉም አብሮ የሚጸድቅ ወይም አብሮ የሚቀር ሥራ) ውስጥ ከትቼዋለሁ የሚል ሰው አለ፤ እሱ ብቻውን አያድንም። ፖስትግሬስ ካልነገሩት «ሪድ ኮሚትድ» በሚባለው ደረጃ ነው የሚሠራው። በዚህ ደረጃ ደግሞ አንዱ ትራንዛክሽን ሌላው ገና ያላጸደቀውን ረድፍ አያየውም። ላፕቶፓችሁ ላይ ብቻችሁን ስትሞክሩት ይህ መቼም አይከሰትም። የሚከሰተው ሰው ሲበዛ ነው፣ ያኔ ደግሞ ማንም አያምናችሁም።

መድኃኒቱ ቆንጆ ነው፣ ስጽፈው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ፖስትግሬስ በከፊል የሚሠራ ልዩ ኢንዴክስ አለው። «የተመለሰበት ጊዜ ባዶ በሆነባቸው ረድፎች ውስጥ የዕቃው ቁጥር አይደገም» ትሉታላችሁ። በቃ። ያረጁ ወሰቶች የፈለጉትን ያህል ይደጋገሙ፣ ክፍት ወሰት ግን ለአንድ ዕቃ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሰው ሲጽፍ ዳታቤዙ የመጀመሪያው እስኪያጸድቅ ያቆየዋል፣ ከጸደቀ ስህተት ብሎ ይመልሰዋል። ኮዳችሁ ያንን ስህተት ይይዝና «ይቅርታ፣ አሁን ሌላ ሰው ወሰደው» ይላል። ጃንጎ ከ2.2 ጀምሮ ይህንን በሞዴሉ ላይ በሁለት መስመር እንድትጽፉት ይፈቅዳል። ሌላው ታዋቂ ዳታቤዝ፣ ማይኤስኪውኤል፣ እንዲህ ያለ ከፊል ኢንዴክስ የለውም፤ ለዚህ ፕሮጀክት ፖስትግሬስን ካስመረጡኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

«ቫሊዴሽኑ፣ ማጣሪያው፣ ፎርሙ ላይ አለ እኮ» አለኝ ባልደረባዬ። አለ። ግን ፎርሙ ዳታ የሚገባበት አንዱ መንገድ ብቻ ነው። አድሚን ገጽ አለ። የድሮ መዝገብ የሚያስገባ ስክሪፕት ይመጣል። አንድ ምሽት አንድ ሰው ተቸግሮ በቀጥታ ዳታቤዙ ላይ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ያ ሰው ምናልባት እኔ ነኝ። ሁሉም የሚያልፉት ዳታቤዙን ነው። ስለዚህ ሊጣስ የማይገባው ሕግ እዚያ ይጻፍ። የተመለሰበት ጊዜ ከወጣበት ጊዜ አይቅደም የሚለውም በቼክ ኮንስትሬይንት (ዳታቤዙ ራሱ በሚያስከብረው ሕግ) እዚያው ገባ። ፎርሙ ላይ ያለው ለተጠቃሚው ምቾት ነው።

ዛሬ ርካሽ የሆኑ ነገሮች

ሌሎች ጥቃቅን ውሳኔዎች አሉ። በመጀመሪያው ቀን ዋጋቸው ምንም ነው፣ በኋላ ግን ያስለቅሳሉ። በጃንጎ ትልቁ የተጠቃሚ ሞዴል ነው። የራሳችሁን የተጠቃሚ ሞዴል፣ ባዶም ቢሆን፣ ከመጀመሪያው ማይግሬሽን በፊት ፍጠሩ። የጃንጎ ሰነድ ራሱም ይህን ሲመክር ቆይቷል። ምክንያቱም ሌሎች ቴብሎች በሙሉ በፎሪን ኪ ወደ እሱ ያመለክታሉ፤ በመሃል መቀየር እነሱን ሁሉ መነካካት ነው።

የመለያ ቁጥር ስፋትም አለ። ተራው ኢንቲጀር 2,147,483,647 ላይ ያበቃል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2018 ቤዝካምፕ የተባለው አገልግሎት አንዱ ትልቅ ቴብሉ እዚህ ቁጥር ላይ ደርሶበት ለሰዓታት ማንበብ ብቻ እንጂ መጻፍ የማይቻልበት ሆኖ ነበር። እኛ ዕቃ እያዋስን እዚያ አንደርስም። ግን ልዩነቱ በአንድ ረድፍ 4 ባይት ነው፣ ጃንጎም ከ3.2 ወዲህ ለአዲስ ፕሮጀክት ሰፊውን ይሰጣል። ዝም ብላችሁ ተቀበሉት።

ጊዜ ላይ ደግሞ ትንሽ ተከራከርን። ፖስትግሬስ ውስጥ ታይም ዞን ያለውን ዓይነት ምረጡ። ስሙ እንደሚመስለው ዞኑን አያስቀምጥም፤ ሁሉንም ወደ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ቀይሮ ያስቀምጣል፣ ሲያሳያችሁ በእናንተ ዞን ያሳያችኋል። ለወጣበትና ለተመለሰበት ይህ ልክ ነው፣ ሁለቱም የሆነ ቅጽበት ናቸው። «እስከ ዓርብ መልስ» የሚለው ግን ቅጽበት አይደለም፣ ቀን ነው። እሱን እንደ ሰዓት ካስቀመጣችሁት ሰው ዓርብ ጠዋት ዘገየህ ይባላል። ቀንን በቀን ዓይነት ያዙ።

ማይግሬሽን ፋይሎች ጊት ውስጥ ይግቡ። አንድ ጊዜ ሰርቨር ላይ የሮጠ ማይግሬሽን አይነካም፣ ሌላ ይጻፍበታል። እዚህም ላይ ፖስትግሬስን እመርጣለሁ። ቴብል መፍጠርና ኮለም መጨመር እንኳ ትራንዛክሽን ውስጥ ስለሚገባ፣ ማይግሬሽኑ መሃል ላይ ቢከሽፍ እንዳልነበረ ይሆናል። ማይኤስኪውኤል ግን እነዚህን ትእዛዞች እያንዳንዳቸውን ወዲያው ያጸድቃቸዋል፤ ግማሽ ላይ ቢከሽፍ ግማሹ እዚያው ይቀራል።

ባክአፕ። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ሁሉም ሰው ለሌላ ቀን ያቆየዋል። የኮድ ማስቀመጫ አገልግሎቱ ጊትላብ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የደረሰበትን ራሱ በግልጽ ጽፎታል። አንድ ኢንጂነር ሌሊት ላይ በተሳሳተው ሰርቨር ላይ የዳታቤዙን ፎልደር አጠፋ። ባክአፑን ሊያመጡ ሲሄዱ ባዶ ነው። ዳታ የሚያወጣው ፕሮግራም ቨርዥኑ ከዳታቤዙ ጋር ስላልገጠመ ሲከሽፍ ኖሯል፣ መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎችም አይደርሱም ነበር። የተረፉት አንድ ሰው ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በወሰደው ቅጂ ነው። ከዚህ የወሰድኩት አንድ ልማድ አለኝ። ገና ሦስት የሙከራ ረድፍ እያለ ባክአፑን እወስዳለሁ፣ ሌላ ባዶ ዳታቤዝ ላይ እመልሰዋለሁ፣ አፕሊኬሽኑን ወደዚያ አዙሬ እከፍተዋለሁ። ዳታው ትንሽ ስለሆነ ደቂቃ አይፈጅም፣ ትእዛዙም ተጽፎ ይቀራል።

ደብተሩን ማስገባት

አሁን የደረስንበት ቦታ ይህ ነው። ሲስተሙ ይሠራል፣ የቀረው የድሮውን ደብተር ማስገባት ነው። ባልደረባዬ ሁሉንም እናስገባ ይላል። እኔ ገና ያልተመለሱትን ብቻ እናስገባ እላለሁ። ደብተሩ ራሱ አይጠፋም፣ መደርደሪያው ላይ አለ፣ የቆየ ነገር የፈለገ ሰው ገልጦ ያያል። የሁሉንም መስመር ማስገባት ግን ሌላ ጣጣ አለው። አንዱ ሰው አንድ ቦታ ላይ በሙሉ ስሙ፣ ሌላ ቦታ ላይ በቅጽል ስሙ፣ ሌላ ቦታ ላይ በክፍሉ ስም ብቻ ተጽፏል። ጋሼ ሲያዩት ያውቁታል። ስክሪፕቱ አያውቀውም፣ እኛም መገመት እንጀምራለን። የተገመተ ነገር አንዴ ዳታቤዝ ውስጥ ከገባ ከእውነተኛው አይለይም።

ለጊዜው የተስማማነው እንዲህ ነው። ያልተመለሱት ይገባሉ። ወሰት ላይ አንድ ተጨማሪ ኮለም አለ፣ በደብተሩ ላይ እንደተጻፈ ስሙ ቃል በቃል የሚገባበት። ጋሼ ሰውየውን ለይተው ከነገሩን የሠራተኛው ፎሪን ኪ ይሞላል። ካልለዩት ባዶ ይቀራል፣ «ያልታወቀ» የሚባል የውሸት ሠራተኛ አንፈጥርም። ባዶ መሆን የሚፈቀደው ግን ከደብተር ለመጣ ረድፍ ብቻ ነው። በአዲሱ ሲስተም የሚወጣ ዕቃ ሰው የሌለው እንዳይሆን፣ እሱን የሚከለክል ሌላ ቼክ ኮንስትሬይንት ጻፍንለት። የቀሩትን ያረጁ መስመሮች በተመለከተ ባልደረባዬ እስካሁን አልተስማማም። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለታችንም ጋሼ ጋ ቁጭ ብለን የመጀመሪያዎቹን ገጾች አብረናቸው እናነባለን።